ከጠርሴስ እስከ አውግስቡርግ፦ «ሰው እንዴት ይጸድቃል?» የሚለው ጥያቄ ጉዞ

እስጢፋኖስን በድንጋይ የወገሩት ሰዎች ልብሳቸውን አውልቀው ያስቀመጡት አንድ ወጣት እግር ሥር ነበር። ወጣቱ ሳውል ይባላል። የጠርሴስ ተወላጅ፣ ከብንያም ነገድ፣ ወገኑ ፈሪሳዊ፣ ኢየሩሳሌም ገማልያል ዘንድ ተቀምጦ ሕግ የተማረ ሰው ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ለፊልጵስዩስ ምእመናን ሲጽፍ ያን ዘመኑን ያስታውሳል፤ በሕግ በኩል የሚነቀፍበት ነገር እንዳልነበረም ይናገራል። እንግዲህ የክርስትና የጽድቅ ትምህርት ሕግ መጠበቅ ካቃተው ሰው አልተነሣም። ሕጉን ጠንቅቆ ከጠበቀ፣ ጠብቆም ሳለ ንጹሕ ሰው ሲገደል ልብስ ሲጠብቅ ከተገኘ ሰው ነው የተነሣው። ይህን ሳይይዙ ጳውሎስን ማንበብ ነገሩን ከሥሩ መሳት ነው።

በ30ዎቹ ዓመታት ውስጥ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳውል ክርስቲያኖችን አስሮ ሊያመጣ ወደ ደማስቆ ሲሄድ መንገድ ላይ ወደቀ። ሲነሣ ዓይኑ አያይም። እጁን ይዘው ከተማ አስገቡት፤ ሦስት ቀን እህል ውሃ አልቀመሰም። ከዚያ ወዲያ ዘሩንም፣ ትምህርቱንም፣ ትጋቱንም እንደ ከንቱ ነገር ቆጠረው። ያስደነገጠው የኃጢአቱ ብዛት ብቻ አይመስለኝም። ጽድቄ ብሎ የያዘው ነገር ራሱ የእግዚአብሔርን ልጅ ሲያሳድድ እንደነበር ማየቱ ነው የሰበረው።

ጥያቄው በአደባባይ የፈነዳው ግን በማዕድ ላይ ነው። በሶርያዋ አንጾኪያ ከአይሁድና ከአሕዛብ የመጡ ክርስቲያኖች አብረው ይበሉ ነበር፤ ጴጥሮስም አብሯቸው ይቀመጥ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈራና ካልተገረዙት ራሱን ለየ። በርናባስ ሳይቀር ተከተለው። ጳውሎስ በሰው ሁሉ ፊት ጴጥሮስን ገሠጸው። ማዕድ መለየት ምን ያህል እንደሚያቆስል ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ያን ቀን ለብቻው የቀረው ያልተገረዘ ክርስቲያን የሰማው መልእክት፣ ማንም ባይናገረውም፣ ክርስቶስ ብቻውን አይበቃህም የሚል ነበር። ጳውሎስ ሊታገሠው ያልቻለው ይህን ነው። በዚያው ዘመን፣ በ49 ገደማ፣ ኢየሩሳሌም ላይ የተሰበሰቡት ሐዋርያትና ሽማግሌዎች ከአሕዛብ በሚያምኑት ላይ የግዝረት ሸክም እንዳይጫን ወሰኑ።

በ57 ገደማ ጳውሎስ ቆሮንቶስ ውስጥ በጋይዮስ ቤት በእንግድነት ተቀምጦ፣ ገና ለማያውቃት ለሮሜ ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ አስጻፈ። ብዕር ይዞ የጻፈው ጤርጥዮስ ነው። ይዛ የሄደችው በቅርብ ባለችው ወደብ በክንክራኦስ የምታገለግለው ፌቤን ሳትሆን አትቀርም። የደብዳቤው ክርክር አንድ የቆየ ታሪክ ላይ ያርፋል። አብርሃም ጻድቅ ሆኖ የተቆጠረው መቼ ነው? ከመገረዙ በፊት ነው ወይስ ከተገረዘ በኋላ? ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሰው መልሱን ያውቃል፤ እምነቱ ምዕራፍ 15 ላይ ነው፣ ግዝረቱ ምዕራፍ 17 ላይ። ስለዚህ ጽድቅ ለሠራተኛ እንደሚቆጠር ደመወዝ አይደለም ይላል ጳውሎስ፤ በደለኛውን በሚያጸድቅ አምላክ ለሚታመን ሰው በስጦታ የሚሰጥ ነው። አይሁዳዊም አረማዊም በዚህ በኩል እኩል ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ።

ወዲያው ሌላ አደጋ መጣ። ጽድቅ በስጦታ ከሆነ እንደ ልብ መኖር ነዋ የሚል ሰው አልጠፋም። ጳውሎስ ራሱ በዚያው ደብዳቤ በቁጣ መልሶለታል፤ በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር የሞተ ሰው ወደ ቀድሞ ጌታው አይመለስም ብሎ። የያዕቆብ መልእክት ደግሞ ያንኑ አብርሃምን ጠርቶ ምስክር አደረገው፤ በዚህኛው ግን አብርሃም ይስሐቅን ይዞ መሠዊያው አጠገብ ቆሟል፣ እምነቱም በሥራው ይታያል። ሁለቱን ለማጣላት ብዙ ቀለም ፈስሷል። ማንን እንደሚናገሩ ላየ ሰው ግን ጠቡ ይቀላል። ጳውሎስ የሚከራከረው በሥራው ሊመካ ከመጣ ሰው ጋር ነው፤ ያዕቆብ የሚገሥጸው የተራበውንና የታረዘውን ወንድሙን መልካም ምኞት ብቻ አስይዞ የሚሸኘውን አማኝ ነው።

ቀጥሎ ባሉት መቶ ዓመታት የምሥራቁ ዓለም ነገሩን በሌላ በር ገባበት። የእስክንድርያው አትናቴዎስ ያስጨነቀው የሰው መሞትና መበስበስ ነበር። ቃል ሥጋ የሆነው ሰውን ከሞት ነጥቆ የመለኮት ሕይወት ተካፋይ ሊያደርገው እንደሆነ አስተማረ። ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ይኸው አትናቴዎስ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስለ መዳን ስትናገር ከፍርድ ቤት ቋንቋ ይልቅ የጥምቀትን፣ የቁርባንን፣ የሕይወትን ቋንቋ የምትወደው ከዚህ ምንጭ ስለጠጣች ነው። ምዕራቡን ለሺህ ዓመታት ያናወጠው ክርክር እሷ ደጅ በዚያ መልኩ አልደረሰም።

ያ ክርክር ግን የተወለደው በአፍሪካ ነው። በ354 በዛሬዋ አልጄርያ፣ ታጋስቴ በምትባል ከተማ አውግስጢኖስ የሚባል ልጅ ተወለደ። እናቱ ሞኒካ ጸሎተኛ ክርስቲያን ነበረች፤ አባቱ ፓትሪክዮስ የተጠመቀው በሕይወቱ መጨረሻ ነው። ልጁ 16 ዓመት ሲሆነው ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት ወጥተው ከወይን ቦታቸው አጠገብ የነበረ አንድ የፒር ዛፍ አራገፉ። አልተራቡም ነበር፤ እቤቱም የተሻለ ፍሬ ነበረው። ጥቂት ቀመሱና የቀረውን ለዓሣማ ጣሉት። በኋላ ጳጳስ ሆኖ «ኑዛዜ» የተባለውን መጽሐፉን ሲጽፍ ለዚህች ስርቆት ብዙ ገጽ ሰጣት። አንባቢው ለጥቂት ፍሬ ይህ ሁሉ ለቅሶ ምንድን ነው ሊል ይችላል። አውግስጢኖስን ያስፈራው ግን የሚያሳብብበት ነገር ማጣቱ ነው። ረሃብ የለ፣ ድህነት የለ፤ ክፋቱን የፈለገው ስለ ክፋቱ ብቻ ነበር። ሰው ምን እንደሆነ ያወቀው ከዚያች ሌሊት ተነሥቶ ነው።

ከዚያ ካርቴጅ፣ ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ያህል የማኒ ተከታዮች ዘንድ፣ ከዚያ ሮምና ሚላን። ሚላን ላይ የአምብሮስዮስ ስብከት አእምሮውን አሳመነው፤ ፈቃዱ ግን እምቢ አለ። መልካሙን ይወዳል፣ ሊነሣ ይፈልጋል፣ አይነሣም። በ386 በአንድ አትክልት ስፍራ ከወዳጁ ከአሊጵዮስ ፈቀቅ ብሎ በለስ ዛፍ ሥር ወድቆ እያለቀሰ ሳለ ከጎረቤት ቤት የሕፃን ድምፅ ሰማ፤ አንሣና አንብብ የሚል። ተመልሶ የጳውሎስን መልእክት ገለጠ። ዓይኑ ያረፈበትን ካነበበ በኋላ ወደ ፊት መሄድ አላስፈለገውም። በ387 የትንሣኤ ሌሊት አምብሮስዮስ አጠመቀው። ሞኒካ በዚያው ዓመት ወደ አገሯ ለመመለስ መርከብ ስትጠብቅ ኦስትያ ላይ አረፈች፤ የዓመታት እንባዋን ፍሬ ግን አይታ ነበር።

በ«ኑዛዜ» ውስጥ አውግስጢኖስ እግዚአብሔርን፣ የምታዘኝን የምፈጽምበትን ኃይል አንተው ስጠኝ ብሎ የሚለምንበት ቦታ አለ። ይህ ጸሎት ሮም ውስጥ ሲነበብ የሰማው ፔላጊዮስ የሚባል ከብሪታንያ የመጣ ሰው እጅግ ተቆጣ። ፔላጊዮስን እንደ ክፉ ሰው መሳል ልማድ ሆኗል፤ ልክ አይደለም። የተከበሩ ሮማውያን ስመ ክርስትና ይዘው እንደ ልባቸው ሲኖሩ ያየና ነፍሱ ያዘነች ጥብቅ ሰው ነበር። አምላክ የማይቻል ነገር አያዝም፤ ካዘዘ ሰው ይችላል ማለት ነው ብሎ ያምናል። እንዲህ ያለው ጸሎት ለእሱ የሰነፎች መጠለያ መሰለው።

በ410 አላሪክ ሮምን ሲዘርፍ ስደተኛው ባሕር ተሻግሮ አፍሪካ ገባ፤ ፔላጊዮስም አብሮ። እሱ ወደ ፍልስጥኤም አለፈ፣ ባልንጀራው ኬለስትዮስ ካርቴጅ ቀርቶ ተወገዘ። በ415 ዲዮስጶሊስ ላይ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ፔላጊዮስን ነጻ ቢያደርጉትም በ418 የካርቴጅ ጉባኤ ትምህርቱን አወገዘ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሆኖርዮስም ከሮም እንዲባረር አዘዘ። የአውግስጢኖስ መልስ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ሰው የጎደለው ትእዛዝና ምሳሌ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርስቶስ አስተማሪ ሆኖ በበቃ። የታመመው ግን ፈቃዱ ራሱ ነው፤ መልካሙን መውደድ እንኳ ከላይ ይሰጠዋል። መልካም ሥራችንን ሲሸልም እግዚአብሔር የሚሸልመው የገዛ ስጦታውን ነው።

ይህን ያስተማረው ሰው እንዴት ሞተ? በ430 ቫንዳሎች እሱ ጳጳስ የሆነባትን ሂፖን ከበው ሳለ ትኩሳት ያዘው። ወዳጁ ፖሲድዮስ እንደሚተርከው፣ ጥቂቶቹን የዳዊት የንስሐ መዝሙራት አስጽፎ አልጋው አጠገብ ግድግዳው ላይ አስለጠፈ። ሐኪሞች ከሚመጡበትና ምግብ ከሚገባበት ሰዓት በቀር ማንም እንዳይገባ ለምኖ፣ አሥር ቀን ያህል ተኝቶ እያነበበ አለቀሰ። 76ኛ ዓመቱ ላይ የደረሰ፣ ለ40 ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያንን ያገለገለ፣ ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት የሚሞላ ሰው ነው። ይዞ የሚቀርበው ሥራ አልጠፋበትም። ያቀረበው ግን ንስሐውን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሺህ ዓመት ፈጥኖ ማለፍ ይቻላል። በ529 የኦራንዥ ጉባኤ የአውግስጢኖስን መሠረተ ሐሳብ አጸና፤ የእምነት መጀመሪያ እንኳ ጸጋ ነው አለ። በወረቀት ደረጃ ጸጋ ይቀድማል። በምእመኑ ኑሮ ግን ኑዛዜው፣ ቀኖናው፣ የመንጽሔው ፍርሃትና ቅጣት ያስቀራል ተብሎ የሚሸጠው የሥርየት ደብዳቤ እየተደራረበ፣ ነፍሱ ከአምላክ ጋር የምትተሳሰብበት ረጅም የሒሳብ መዝገብ ሆነ።

በ1505 ሐምሌ 2 ቀን የ21 ዓመቱ ማርቲን ሉተር ሽቶተርንሃይም አጠገብ መብረቅ ወረደበት። በድንጋጤ ቅድስት ሐናን ጠርቶ እመነኩሳለሁ ብሎ ተሳለ፤ አባቱ ሕግ እንዲማር የለፋበት ልጅ በ15 ቀን ውስጥ ኤርፈርት የአውግስጢኖሳውያን ገዳም ገባ። ጾመ፣ ሰገደ፣ ሌሊቱን ተጋ። ንስሐ አባቱ ዮሐን ሽታውፒትስ ዘንድ አንዳንዴ እስከ ስድስት ሰዓት ይናዘዝ ነበር፤ ከወጣ በኋላም የረሳት ነገር ትዝ ትለውና ዕረፍት ያጣል። ያስጨነቀው ከባድ ኃጢአት መሥራቱ አልነበረም። ንስሐዬ ራሱ ከፍቅር ነው ወይስ ከፍርሃት? የሚለው ነበር። የእግዚአብሔር ጽድቅ የሚለውን ሲሰማ የሚታየው ፈራጅ ብቻ ነው፤ ያን ፈራጅ ይጠላው እንደነበር በስተርጅናው በ1545 ሳይሸፍን ጻፈ።

ሉተር በዚህ ጭንቅ ውስጥ ሳለ፣ እሱን ጨርሶ የማያውቅ ሌላ ሰው ቬኒስ ውስጥ ያንኑ ጭንቅ ይጨነቅ ነበር። ጋስፓሮ ኮንታሪኒ የባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ ነው። የቅርብ ወዳጆቹ ዓለምን ንቀው ገዳም ገብተዋል፤ እሱ ግን ለዚያ ጥሪ አልተሰማውም፤ እነሱ በዚያ ሁሉ ተጋድሎ ካልረኩ እኔ ምን ይውጠኛል ይል ነበር። በ1511 ቅዳሜ ሹር ሳን ሴባስቲያኖ ገዳም ሄዶ ከአንድ መነኩሴ ጋር ተነጋገረ። ሲወጣ አንድ ነገር በርቶለታል፤ ዕድሜውን ሁሉ ቢቀጣ ያለፈው ኃጢአቱን ሊከፍል አይችልም፣ የክርስቶስ ሕማም ግን ይበቃል፤ የእሱ ድርሻ በእምነትና በፍቅር ከዚህ ራስ ጋር መጣበቅ ነው። ኮንታሪኒ ካቶሊክ ሆኖ ኖረ፣ ካርዲናል ሆነ፣ ካቶሊክ ሆኖ ሞተ። ይህ ታሪክ ሲነገር የሱ ስም መረሳቱ ያሳዝነኛል።

ሉተር በ1512 ዶክተር ሆኖ ዊተንበርግ ላይ መዝሙረ ዳዊትን፣ ከዚያ በ1515 የሮሜን መልእክት ማስተማር ጀመረ። ሌት ተቀን ጳውሎስን ሲያንኳኳ ቆይቶ ተከፈተለት፤ የእግዚአብሔር ጽድቅ የሚቀጣበት ብቻ አይደለም፣ በደለኛውን በእምነት ጻድቅ የሚያደርግበት ነው። የገነት ደጅ እንደተከፈተለት ሆኖ ተሰማው። የሥርየት ደብዳቤው ጉዳይ ከዚህ በኋላ ዝም የሚባል አልሆነም። የማይንዙ ሊቀ ጳጳስ አልብሬሽት ለሹመቱ ከፉገሮች የንግድ ቤት የተበደረውን ይከፍል ዘንድ፣ ከሽያጩ ግማሹ ለዕዳው፣ ግማሹ ለሮሙ የጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ግንባታ እንዲውል ተስማምቶ ነበር። የዊተንበርግ ምእመናን ድንበር ተሻግረው ከሰባኪው ከዮሐን ቴትሰል ደብዳቤ ገዝተው ተመለሱና ለሉተር አሳዩት። በ1517 ጥቅምት 31 ቀን ሉተር ይህን ሽያጭ የሚሞግቱትን 95ቱን አንቀጾች ከደብዳቤ ጋር ለአልብሬሽት ላከ።

የተከተለው የታወቀ ነው። በ1518 ጥቅምት አውግስቡርግ ላይ ካርዲናል ካየታን ፊት ቀረበ፤ በዚያ ሰሞን ያረፈው ቅድስት ሐና በተባለው የቀርሜሎሳውያን ገዳም ነበር። በ1521 ተወገዘ፣ በዎርምስ ጉባኤም ቃሌን አልመልስም አለ። በ1530 ፊሊፕ ሜላንክቶን ያዘጋጀው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ አራተኛ አንቀጹ ላይ፣ ሰው በገዛ ሥራው ሳይሆን ስለ ክርስቶስ በእምነት በነጻ እንደሚጸድቅ አሰፈረ።

በዚህ መካከል፣ በ1534፣ አባ ሚካኤል የተባሉ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ደረሱ። ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ተቀምጠው ስለ ሃይማኖት ተነጋገሩ። ሉተር በ1534 ሐምሌ 4 ቀን በሰጣቸው የማስተዋወቂያ ደብዳቤ፣ በምሥጢረ ሥላሴ መስማማታቸውን፣ የቅዳሴና የቁርባን ሥርዓታቸውም ከእሱ ወገን ሥርዓት ጋር መቀራረቡን መስክሮ፣ ወገኖቹ በፍቅር እንዲቀበሏቸው ለመነ። በዚያው ዓመት ሊዝበን ውስጥ የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ፣ የፖርቱጋል ሊቃውንት በሃይማኖታቸው እየጠረጠሩ ከቁርባን ስለከለከሏቸው፣ የአገራቸውን እምነት በጽሑፍ እያስረዱ ነበር። ሁለቱን መስተንግዶዎች ጎን ለጎን ሳይ ልቤ ይነካል፤ ሊዝበን ልማዳቸውን መረመረ፣ ዊተንበርግ እምነታቸውን ጠየቀ።

በ1541 ሬገንስቡርግ ላይ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ አምስተኛ በጠራው ውይይት ከአንዱ ወገን ሜላንክቶንና ማርቲን ቡሰር፣ ከሌላው ዮሐን ኤክና ዮሐን ግሮፐር ተቀመጡ፤ የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እንደራሴ ደግሞ ያው ኮንታሪኒ ነበር። ስለ መጽደቅ በአንድ አንቀጽ ተስማሙ! ሰው የሚጸድቀው በክርስቶስ ጽድቅ በሚደገፍ፣ በፍቅርም በሚሠራ ሕያው እምነት ነው አሉ። ኮንታሪኒ ደስታውን አልቻለውም። ነገር ግን ስለ ቁርባንና ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ሲመጡ ተበተኑ፤ ሉተር አንቀጹን የተሰፋ ጨርቅ ነው ብሎ ናቀው፣ ሮምም አልተቀበለችውም። ኮንታሪኒ በማግስቱ ዓመት ሞተ።

ሉተር በ1546 የካቲት 18 ቀን በተወለደባት በአይስሌበን አረፈ። ከመሞቱ ሁለት ቀን ቀድሞ የጻፋት የመጨረሻ ብጣሽ ወረቀት ሁላችንም ለማኞች መሆናችንን ትናገራለች። በዚያው ዓመት ሰኔ የትሬንት ጉባኤ ስለ መጽደቅ መወያየት ጀመረ። ሰባት ወር ፈጀ። ሐምሌ 17 ቀን ከስብሰባው ሲወጡ፣ የቀርጤሱ ጳጳስ ዲዮኒዝዮ ዛኔቲኒ የላ ካቫውን ጳጳስ ቶማሶ ሳንፌሊቼን ለእምነት ያደላ ንግግር አድርጓል ብሎ፣ ወይ ደንቆሮ ነው ወይ አታላይ ሲል ተሰማ። ሳንፌሊቼ ዘሎ ጢሙን ያዘና ብዙ ጸጉር ነቀለው። ስለ እግዚአብሔር ምሕረት የሚመክሩ አባቶች! ሳንፌሊቼ ከጉባኤው ተባረረ።

ሆኖም በ1547 ጥር 13 ቀን የወጣው ድንጋጌ፣ 16 ምዕራፍና 33 የውግዘት አንቀጽ ያለው፣ በጥድፊያ የተጻፈ አይደለም። ከመጽደቅ በፊት ያለ እምነትም ሆነ ሥራ ጸጋን እንደ ደመወዝ ሊያስገኝ እንደማይችል በግልጽ ይናገራል። በሌላ በኩል ሰው ለጸጋው ፈቃዱን እንደሚሰጥ፣ ጽድቁም ከውጭ የሚቆጠርለት ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚፈስና በመልካም ሥራ የሚያድግ እንደሆነ አጸና፤ እምነት ብቻ የሚለውን ሌላ ምንም አያስፈልግም በሚል ትርጉም የሚይዘውን አወገዘ። ከዚህ ጉባኤ በኋላ የካቶሊክን ትምህርት ከማንም በላይ የተከላከለው ካርዲናል ሮቤርቶ ቤላርሚኖ ስለ ሥራ ዋጋ ብዙ ከተከራከረ በኋላ፣ የገዛ ጽድቃችን እርግጠኛ ስላልሆነና ከንቱ ውዳሴ ስለሚያሰጋ፣ ሙሉ ተስፋን በእግዚአብሔር ምሕረት ላይ ብቻ መጣል ከሁሉ ይልቅ የሚያስተማምን ነው ብሎ ጻፈ። በጉባኤ ላይ የሚለያዩት ሰዎች በሞት አልጋ ላይ እንዴት እንደሚቀራረቡ ማየት ለፈለገ የአውግስጢኖስ ግድግዳ፣ የሉተር ብጣሽና የቤላርሚኖ ገጽ ይበቁታል።

ከትሬንት ድንጋጌ ጥቂት በኋላ ሮም ውስጥ፣ ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ኢትዮጵያዊው አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ እያሳተሙ ነበር፤ በ1548 ተጀምሮ የጳውሎስ መልእክታት በ1549 ወጡ። በ1555 ደግሞ ዐፄ ገላውዴዎስ ኢየሱሳውያን ለነቀፏቸው ሲመልሱ፣ ግዝረታችን እንደ አይሁድ አይደለም፣ የአገር ልማድ ነው፤ ጳውሎስ ስለ መገረዝና ስለ አለመገረዝ የተናገረውንም እናውቃለን አሉ። የአንጾኪያው ጥያቄ በአንድ የሀበሻ ንጉሥ እጅ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ መልስ ማግኘቱ ሊያኮራን ይገባል። የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እምነት ከምግባር ጋር፣ ከጥምቀትና ከቁርባን ጋር ያድናል ብላ ታስተምራለች። ያ ሁሉ ጾምና ስግደት ያለባት ቤት ግን 41 ጊዜ እግዚኦ እያለች ምሕረት ትለምናለች። ይህን የሰማ ሰው በሥራዋ ትመካለች ብሎ ለመናገር ሊቸኩል አይገባውም።

በ1738 ግንቦት 24 ቀን ማታ ለንደን ውስጥ አልደርስጌት ጎዳና አንድ ሰው ሉተር በሮሜ መልእክት ላይ የጻፈውን መቅድም ያነብ ነበር። ከሚሰሙት አንዱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ጆን ዌስሊ ነው፤ እንደ ሉተር ጾሞ፣ ታትሮ፣ አሜሪካ ድረስ ለስብከት ተጉዞ ዕረፍት ያላገኘ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ልቡ ሲሞቅ ተሰማው፣ ኃጢአቴን በእርግጥ ወስዶልኛል አለ። የእሱ ተከታዮች ሜቶዲስቶች የጉዟቸውን መነሻ ከዚያ ምሽት ጋር ያያይዙታል።

ከትሬንት ወዲህ የተዘጋው በር የተከፈተው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1957 ወጣቱ ካቶሊክ ሊቅ ሃንስ ኪውንግ የፕሮቴስታንቱን ሊቅ የካርል ባርትን ትምህርትና የትሬንትን ድንጋጌ ጎን ለጎን አስቀምጠው በመሠረቱ እንደሚስማሙ ጻፉ። በ1970ዎቹ የፊንላንድ ሉተራውያን ከሩሲያ ኦርቶዶክስ ጋር ሲወያዩ፣ በ1977 ኪየቭ ላይ ርእሳቸው መጽደቅና የመለኮት ተካፋይ መሆን ነበር። ቱኦሞ ማነርማ የተባሉት ሊቅ ሉተርን መልሰው አንብበው፣ ለሉተር በእምነት ውስጥ ክርስቶስ ራሱ ይገኛል፣ ስለዚህ ጽድቅ ከወረቀት ላይ ፍርድ ይበልጣል አሉ። አትናቴዎስና ሉተር በአንድ ክፍል ውስጥ ሲነጋገሩ መስማት ያህል ነው።

ስለ መጽደቅ የሉተራውያንና የካቶሊክ የጋራ ሰነድ ሲዘጋጅ ከመቶ በላይ የጀርመን ፕሮፌሰሮች ተቃወሙት፤ በ1998 ሮምም ጥርጣሬዋን ገልጻ ነገሩ ሊፈርስ ተቃረበ። በዚያ ኅዳር ካርዲናል ዮሴፍ ራትሲንገርና የባቫርያው የቀድሞ ሉተራዊ ጳጳስ ዮሐንስ ሃንሰልማን በካርዲናሉ ወንድም ቤት ተገናኝተው ተጨማሪ ጽሑፍ አዘጋጁና ጉዳዩን አዳኑት። ቤቱ የሚገኘው ሬገንስቡርግ ነው። በ1999 ጥቅምት 31 ቀን ካርዲናል ኤድዋርድ ካሲዲና ጳጳስ ክርስቲያን ክራውሰ በአውግስቡርጓ ቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ፈረሙ። ሰነዱ የሚለው፣ ሰው በራሱ በኩል አንዳች የሚገባው ነገር ሳይኖረው፣ በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን በጸጋ ብቻ በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀባይነት ያገኛል፤ ልቡን የሚያድስና ለመልካም ሥራ የሚያበቃ መንፈስ ቅዱስንም ይቀበላል ነው። ጳውሎስም ያዕቆብም የሚፈርሙበት ሐሳብ ይመስለኛል። በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከ1963 ጀምሮ የሉተራን ዓለም ፌደሬሽን አባል ስለሆነች፣ ይህ የእኛም አገር ምእመናን ጉዳይ ነው።

ሜቶዲስቶች በ2006 ሴኡል ላይ፣ ተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት በ2017 ሐምሌ 5 ቀን ዊተንበርግ ላይ ሰነዱን ተቀበሉ። ውግዘቶቹ የዛሬውን የሌላውን ወገን ትምህርት እንደማይነኩ ተነግሯል። የጸደቀ ሰው አሁንም ኃጢአተኛ የሚባለው በምን መንገድ ነው የሚለው ግን ሙሉ በሙሉ አልተቋጨም፤ ሰነዱ ራሱ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ምሥጢራት የቀረውን ሥራ ይዘረዝራል። ተዋሕዶን የመሳሰሉ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የስምምነቱ ፈራሚዎች አይደሉም። የፈረሙት ካቶሊኮችና ሉተራውያንም እስከ ዛሬ በአንድ መንበር አይቆርቡም።